ብላክ ኮተን እንኳ ወዳጅ አለው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ባለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክሪኬት የምንጫወት 18 ልጆች አለን። አምስታችን ሕንድ አገር ስንማር የለመድነው ነው፤ ሌሎቹ እኛን አይተው ገቡበት። እስካሁን የምንጫወተው ኳስ ሜዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ነው። አሁን ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን ክፍት ቦታ እንድንጠቀምበት ተፈቅዶልናል። 120 ሜትር በ130 ይሆናል። መሃሉ ላይ እውነተኛ ስኩዌር ልንሠራ ነው፤ ስድስት ፒች ያለው። ችግሩ አፈሩ ነው። በክረምት ቦት ጫማ ያስወልቃል፤ በጥር ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አንድ ኮንትራክተር አይቶ "60 ሳንቲ ተቆፍሮ ይጣል፣ በገረጋንቲ ይሞላ፣ ከላይ ቀይ አፈር ይልበስ" አለን። የጠራው ብር የሁላችንንም የዓመት ቁጠባ ይበላል። ታኅሣሥ ላይ ከመሃል ከተማ እንግዳ ቡድን ጋብዘናል። ይደርሳል ወይ? አፈሩስ ምን ይሻለዋል?
የክለቡ ጸሐፊ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ልገላግልህ። አይደርስም። ለዘንድሮ ታኅሣሥ ምንጣፋችሁን አራግፋችሁ ዘርጉ። እውነተኛው ፒች ለከርሞ ኅዳር ከደረሰ ጎበዞች ናችሁ።

ወደ አፈሩ ልምጣ። እኔ 31 ዓመት የመንገድ ሥራ የአፈር ላብራቶሪ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ያንን አፈር ገበሬው መረሬ ይለዋል። ጎጃም ስትሻገር ዋልካ ነው። እኛ የመንገድ ሰዎች ብላክ ኮተን እንለዋለን። ሥራዬ ባጭሩ ቅጹ ላይ "ይጣል" ብሎ መጻፍ ነበር። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። አስፋልት ያነሳል፣ አጥር ይሰነጥቃል፣ በር አልዘጋ እንዲል ያደርጋል። ስለዚህ ኮንትራክተሩ የነገራችሁ ለመንገድና ለቤት ልክ ነው። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው። ለክሪኬት ግን ስቷል።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ላስረዳ። በክሪኬት ወርዋሪው የሚለቃት ኳስ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ነጥራ ነው መቺው ጋ የምትደርሰው። ያ የምትነጥርበት ቀጭን መሬት ፒች ይባላል። በሁለቱ ጫፍ በተተከሉት እንጨቶች መካከል 20.12 ሜትር ነው፤ ወርዱ 3.05 ሜትር። ፒቾቹ ጎን ለጎን ተኝተው የሚሠሩት የሜዳው እምብርት ስኩዌር ይባላል። አንዱ ሲደክም ሌላው ላይ ይጫወታሉ። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ኳሷ ትሞታለች። አሸዋማ ከሆነ በሁለተኛው ሰዓት ይፈራርሳል። ስለዚህ የሚፈለገው ደርቆ እንደ ጡብ የሚጠነክር አፈር ነው። እንደ ጡብ የሚጠነክረው ደግሞ ሸክላ የበዛበት ነው። እኛ ስንጥለው የኖርነው ማለት ነው!

አውስትራሊያ ሜልቦርን ያለው ትልቁ ስታዲየም ለብዙ ዘመን ፒቹን የሠራው ሜሪ ክሪክ ከሚባል ወንዝ ዳር በወጣ ጥቁር አፈር ነው። ፐርዝ ያለው ዋካ ስታዲየም ደግሞ በስንጥቁ ነው ዝናው። በቴሌቪዥን የሚያስተላልፉት ሰዎች ስንጥቁ ውስጥ እስክሪብቶ እየከተቱ ያሳያሉ። ሕንዶች ቀይ አፈር ይሻላል ጥቁር አፈር እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። የሙምባዩ ዋንክሄዴ ቀይ ነው፤ ኳስ ያነጥራል። ጥቁሩ ላይ ኳስ ዝግ ትላለች፤ ለጠምዛዥ ወርዋሪ ይመቻል። አምስታችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስንጥቅ ራሱ በሽታ አይደለም። ጠርዙ ሲፈረፈር ነው በሽታ የሚሆነው።

ቢሆንም የእናንተ መረሬ ብቻውን ይከብዳል። እንግሊዞች ለክለብ ፒች ከመቶ 25 እስከ 35 ሸክላ ያለበትን አፈር ይመርጣሉ። የእኛ መረሬ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ነው። ስለዚህ ከሌላ አፈር ጋር ማለዘብ ሊያስፈልገው ይችላል። ስንት በስንት? ይህን ከላብራቶሪ በፊት ቤትህ ታውቀዋለህ።

አራት ዓይነት ድብልቅ አዘጋጅ። አንዱ መረሬ ብቻ ይሁን። ሌሎቹ ላይ ከእንጦጦ በኩል የሚመጣውን ዓይነት ቀይ አፈር እየጨመርክ ሂድ፤ ሩብ፣ ሲሶ፣ ግማሽ። መጀመሪያ በወንፊት ንፋው፤ ጠጠርና ሥር አይኑርበት። ከዚያ በውኃ አቡካና ከብይ ተለቅ የሚል ድቡልቡል ሥራ። ከእያንዳንዱ አምስት አምስት አድርገው፤ አንድ ብቻ ያታልላል። ጥላ ሥር ለአንድ ሳምንት ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ላዩ ቀድሞ ይሰነጠቅና ውጤቱ ይበላሽብሃል። ሲደርቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠህ በጣውላ ተጫነው፤ ስንት ኪሎ ላይ እንደተሰበረ ጻፍ። ክሪኬት ያለባቸው አገሮች ባለሙያዎችም በዚሁ መንገድ ነው የሚፈትኑት። በጣም የጠነከረው ሁልጊዜ አሸናፊ አይደለም። ጠንክሮ ሲደርቅ ያልተሰነጠቀው ነው የሚፈለገው።

እኔ ይህን ስሠራ ድቡልቡሎቹን የመስኮት ደፍ ላይ ደርድሬ ነበር። የልጅ ልጄ የበሶ ጭብጦ መስሎት አንዱን ነከሰ። የመረሬውን ነው የነከሰው። ጥርሱ ደህና ነው፤ ጭብጦውም ደህና ነው።

አሁን ስለ ቁፋሮው። እባካችሁ አትቆፍሩ። መረሬ ውስጥ 60 ሳንቲ ጉድጓድ ቆፍሮ ገረጋንቲ መሙላት ማለት ገንዳ መሥራት ነው። ዙሪያውና ታቹ ውኃ አያሳልፍም። ሐምሌ ላይ የዘነበው ሁሉ እዚያ ይጠራቀምና እስከ ጥቅምት ይቀመጣል። መውጫ ቦይ ከሌለው ፒቻችሁ ኩሬ ላይ ተንሳፈፈ ማለት ነው።

ገበሬው ምን ያደርጋል? መረሬ መሬት ላይ ውኃ እንዳይተኛ መደብ ከፍ አድርጎ በጎኑ ቦይ ያወጣል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ሣሩንና ሥሩን ገፍፋችሁ አንሱ፤ መሬቱን በዶማ ጫር ጫር አድርጉት። አዲሱን አፈር ከላይ ጨምሩና ስኩዌሩ ከሜዳው ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ከፍ ይበል። ጠርዙ እንደ ደረጃ ቀጥ ብሎ አይቁም፤ ሦስትና አራት ሜትር ያህል እየሳሳ ይውረድ። አለዚያ ወደ ኋላ እያየ የሚሮጥ ልጅ ጥርሱን ይሰብራል። ከስኩዌሩ ዳር ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ዙሪያውን ቦይ ይውጣለት። ከፒቹ በታች ግን ቦይ አይግባ፤ የተቆፈረበት መስመር በበጋ ላዩ ላይ ይታያል።

ባሕር ዛፍ አጠገቡ ካለ ንገረኝ። ባሕር ዛፍ ከሩቅ ይጠጣል። በአንድ በኩል አፈሩን ካደረቀው ፒቹ በዚያ በኩል ይሰምጣል። ስንት አጥር ሲዘም አይቻለሁ በዚህ ምክንያት።

ስድስት ፒች ለምን አስፈለገ? በሦስት ጀምሩ። ሦስት ፒች ወርዱ 9.15 ሜትር ነው። ርዝመቱን 25 ሜትር አድርጉት፤ ወርዋሪው ረግጦ የሚያልፍበትም ይጨመር። 229 ካሬ ይመጣል። 10 ሳንቲ ተጠቅጥቆ እንዲቀር 23 ሜትር ኩብ ግድም አፈር ያስፈልጋል። ልል አፈር ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 32 ሜትር ኩብ አስቡ። ይህ ሁለት ሲኖ ነው። መረሬው እዚያው ስላለ የምትገዙት ማለዘቢያውን ብቻ ነው፤ ምናልባት አንድ ሲኖ እንኳ አይሞላ። የቀረው ጉልበት ነው። 18 ልጆች አላችሁ።

መስመሩን ከሰሜን ወደ ደቡብ አጋድሙት። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ ምዕራብ ተጠግታ ነው የምትጠልቀው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሠራችሁት 11 ሰዓት ላይ አንዱ መቺ ፀሐይዋን እያየ ነው የሚመታው፤ መምታት ከቻለ።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርህ ራሴ ያበላሸሁትን ነው።

1994 ዓ.ም. አንድ የመንገድ ካምፕ ውስጥ ነበርኩ። አማካሪ መሐንዲሱ ሕንዳዊ ነበር። እኔም ከልጅነቴ ክሪኬትን በወሬ አውቀዋለሁ፤ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሕንዳዊ ነበሩና። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች የሕንድ አስተማሪ ያላስተማረን ጥቂት ነን። መሐንዲሱ "እዚህ ካምፕ ውስጥ ፒች እንሥራ" አለኝ። ደስ አለኝ። እሑድ ጠዋት ዳምጠው ተውሰን አመጣን፤ አሥር ቶን። አፈሩን ቅዳሜ ማታ በቦቴ አጠጥተነዋል። ኦፕሬተሩ ልማዱ ስለሆነ መንቀጥቀጫውን ከፍቶ ገባበት። ሁለት ሜትር እንኳ ሳይሄድ ጭቃው ብረቱ ላይ ተጣበቀና ተገለበጠ። ያልታሰሰ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ አይተሃል? እንደዚያ ነው ቆዳው የተገፈፈው። መሐንዲሱ ራሱን ይዞ ቀረ።

እኔ ደግሞ ብልህ ነኝ ብዬ "እንዳይጣበቅ አሸዋ እንበትንበት" አልኩ። አንድ ጣት የሚያህል አሸዋ በተንን። በላዩ ሌላ አፈር ጨመርን፣ ዳምጠውን አስኬድን። አማረ። መስታወት መሰለ። ሁለት ወር ተጫወቱበት። በሦስተኛው ወር ኳሷ ከቁርጭምጭሚት በላይ አልነሳ አለች። አንድ ቀን በቢላ ቆረጥኩና አየሁት። እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊቱ ለብቻው ተነሳ። አሸዋው ላይ ሲደርስ አፈሩ ተለያይቷል። የሣሩ ሥር እስከ አሸዋው ወርዶ ግድግዳ እንዳጋጠመው ወደ ጎን ታጥፏል። ኳሷ የምትመታው የላላ ቅርፊት ነበር።

ስለዚህ አሸዋ በመካከል አይግባ። አፈሩን በሁለት ጊዜ ጨምሩት፤ የመጀመሪያውን ከጠቀጠቃችሁ በኋላ ላዩን በመቧጠጫ ጫሩት፣ ከዚያ ሁለተኛውን አልብሱ። ሁለቱም ድርብ ከአንድ ክምር የተቀላቀለ አፈር ይሁን። በየዓመቱ ላዩን ስትጠግኑም ያው አፈር ነው። ዛሬ ከዚህ፣ ከርሞ ከዚያ ከመጣ የእኔን ድፎ ትደግሙታላችሁ። አሁኑኑ ሁለት ሜትር ኩብ ድብልቅ ተጨማሪ አዘጋጅታችሁ በሸራ ሸፍኑ።

የእርጥበቱ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራው አንድ ቀላል ፈተና አለ። እርጥብ አፈር ቆንጥረህ መዳፍህ ላይ አሽከርክረህ ክር ታደርገዋለህ። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መሰባበር ከጀመረ ለመጠቅጠቅ ደርሷል። ከዚያ ቀጥኖም ካልተሰበረ ገና ጭቃ ነው፤ ሂድና ቡናህን ጠጣ። 3 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ ከፈረፈረ ደግሞ አልፎሃል። ያን ቀን ጠዋት አፈሩን ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከአምስት ቦታ ቆንጥሩ፤ ሦስት ሳንቲ ወደ ውስጥ ገብታችሁ። ላዩ ሁሌም ውሸታም ነው።

ዳምጠው መከራየት አያስፈልጋችሁም። 200 ሊትር በርሜል ፈልጉ። መሃል ለመሃል የብረት ቱቦ አሳልፉና ኮንክሪት ሙሉት። 480 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ሲሞላ በርሜሉ እንዳያብጥ አፈር ውስጥ ቅበሩት። የሁለቱን ጫፎች ስለት በመፍጫ አለስልሱ፤ አለዚያ በሄደበት ሁሉ መስመር ያወጣል። አምስት ልጅ ይጎትተዋል። ፍጥነቱ የአሮጊት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ቀለል ያለ ነገር አስኪዱ፤ እግራችሁን ደርድራችሁ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ ብትሄዱበትም ይሠራል። ከዚያ በርሜሉ በቁመት፣ በወርድ፣ በአግድም። የሚቀጥለው ዓመት አንድ ቶን የሚሆን ሮለር ብታገኙ ጥሩ ነው፤ መንቀጥቀጡ ተዘግቶ።

ሣሩ ሰርዶ ይሁን። ሌላ ዘር አትግዙ። ሕንዶቹም አውስትራሊያኖቹም የሚጠቀሙበት ያንኑ የእኛን ሰርዶ ነው። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው አህያ እናንተን አላወቀችም። ሐረጉን ከመንገድ ዳር ነቅላችሁ፣ ጣት ጣት አድርጋችሁ ቆራርጡና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ትከሉት። ሥሩ ወደ ታች እየገባ አፈሩን ይሰፋዋል፤ ከውስጥ ውኃ እየሳበም ያደርቀዋል። ጎረቤት ገበሬ ካለ ግን ቦዩን ጠብቁ። ለእሱ ሰርዶ ጠላት ነው። ማሳው ውስጥ ከገባ ልጅ ልጁ ሲነቅለው ይኖራል፤ እርግማኑ ለእናንተ ነው። አንድ ነገር እወቁ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲመታው ይደነዝዛል። ቢጫ ሲሆን ሞተ ብላችሁ አትደንግጡ።

ጊዜው እንግዲህ እንዲህ ይሄዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ቦይና መደብ፣ ወንፊትና ድብልቅ። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ራሱ እርጥበቱን ይሰጣችኋል፤ የመጀመሪያውን ጠቀጣ ያኔ ጨርሱ። ሰኔ ሰርዶ። ክረምቱን ማንም አይርገጠው፤ በእሾህ አጥሩት። መስከረም ላይ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ሲዘራ ታያላችሁ። ያ ምልክታችሁ ነው። ከላይ ዝናቡ ቆሟል፣ ከታች እርጥበቱ አለ። በርሜሉን አውጡ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ክሩን እየሠራችሁ ትጠቀጥቃላችሁ።

ለአንድ ግጥሚያ ዝግጅት አሥር ቀን ስጡት። አንድ ፒች 10 ሚሊ ሜትር ውኃ ለመጠጣት 760 ሊትር ይፈልጋል፤ አራት በርሜል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ቀስ ብሎ ይጠጣ፤ አንድ ጊዜ ከደፋችሁት ይፈሳል። ሰፈራችሁ ውኃ በፈረቃ እንደሆነ እገምታለሁ፤ አንድ ሮቶ ከጣሪያ ላይ የክረምት ውኃ ይጠራቀምበት። የእኛ በጋ ፀሐይና ነፋስ ላዩን በአንድ ቀን ያደርቁታል፤ ውስጡ ግን ጭቃ ነው። ስንጥቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ቀን ይሸፈን፣ ማታ ይገለጥ። ሣሩን በየሁለት ቀኑ አሳጥሩ፤ በግጥሚያው ቀን 5 ሚሊ ሜትር ይሁን።

አንድ ጭብጦ ላክልኝ። መስኮቴ ላይ ቦታ አለ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰበታ አካባቢ የስፖርት መምህርት ነኝ። ልጆቼ 40 ናቸው። ክሪኬት ላስጀምራቸው አስባለሁ። መትከያም ሣርም ገንዘብም የለኝም። ግቢያችን ቀይ አፈር ነው፤ ይቦናል። ሲሚንቶ ይፍሰስ ይላሉ አንዳንዶች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መምህርት፣ እርስዎ ፒች አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልግዎ አውድማ ነው።

ሲሚንቶው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ መጫወት በብዙ አገር የተለመደ ነው። ምንጣፍ ደግሞ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ካራቺ ሄደው ፓኪስታንና አውስትራሊያ ሲጫወቱ ያዩት ምንጣፍ ላይ ነበር። ግን ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ልጅ ጉልበቱን ይልጣል፤ ግቢው ለሌላ ነገር ሲፈለግም አይነሳም።

ቀይ አፈር ብዙ አይሰነጠቅም፤ ጥፋቱ መቦነኑና መፈርፈሩ ነው። የአካባቢዎን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይጥሩ። አውድማ እንዴት እንደሚለቀለቅ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ቁመቱን ለሕፃናቱ 16 ወይም 17 ሜትር ያድርጉት፤ 20 ሜትር ለትንንሽ ክንድ ሩቅ ነው። ድንጋዩን ያስለቅሙ። ውኃ ያጠጡና 40ውን ልጅ ደርድረው ያስረግጡ። ዘፈን ካለበት ሰዓቱ አይታወቃቸውም። ሲጠነክር ትኩስ የላም እበት በውኃ አቅጥነው በመጥረጊያ ይለቅልቁት። ሲደርቅ አቧራው ይያዛል። በሳምንት አንዴ ይደገማል። ወላጅ ስለ ሽታው ቅሬታ ካለው እህላቸው የተወቃው የት ላይ እንደነበር ይጠይቁልኝ።

የቴኒስ ኳስ ይበቃል። ከጣውላ የተጠረበ መምቻ ይበቃል። ለስተምፕ፣ ማለት በጫፉ ለሚተከሉት እንጨቶች፣ ሦስት ሸንበቆ፤ ቁመቱ 71 ሳንቲ፣ የሦስቱ ወርድ አንድ ላይ 23 ሳንቲ ግድም። ልጆቹ "ይህ የማን ጨዋታ ነው?" ሲሉዎት ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ መድረሷን ይንገሯቸው። በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይም የኦሊምፒክ ጨዋታ ይሆናል። ከዚያ በፊት የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1900 ፓሪስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እነዚያን የክሪኬት ልጆች የሚመክራቸው እርስዎ ነዎት ይላሉ። እኔ ሜዳው አጠገብ አንደኛ ፎቅ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ኳሳቸው የወጥ ቤቴን መስታወት አወረደው። ይቅርታ ጠይቀው አሠርተዋል፤ ጨዋ ልጆች ናቸው። አሁን ደግሞ በጎቼን ከሜዳው አስወጡ ተባልኩ። አራት በጎች ናቸው፤ ለፋሲካ ነው የማደልባቸው። የት ልውሰዳቸው?

መልስ፦ እትዬ፣ ሁለቱንም ጉዳይ ለእርስዎ ፈርጄያለሁ፤ ግን በግማሽ።

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የተባለው ለገና ነው፤ ለወጥ ቤት መስታወት አይሠራም። የክሪኬት ኳስ ቡሽና ክር በቆዳ ተሰፍቶ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል። ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል። ጸሐፊው እንደጻፈልኝ ሜዳው 120 በ130 ነው። ፒቹ መሃል ከሆነ ጠርዙ ከ60 እስከ 65 ሜትር ይርቃል። ትልልቅ ተጫዋቾች ከ59 ሜትር ጀምሮ ይፈቀድላቸዋል። ወረቀቱ ላይ በቂ ነው። እኛ የምንኖረው ግን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የተመታ ኳስ እዚህ ይርቃል። ስለዚህ ልጆቹ ስኩዌሩን ከእናንተ ብሎክ 15 ሜትር ያህል ያሽሹ። መስመሩ አሁንም ከሰሜን ወደ ደቡብ ይቆይ። በእናንተ በኩል ተመትቶ ከሜዳ የሚወጣ ኳስ ሁሉ ስድስት ነጥብ ሳይሆን ሁለት ይቆጠር። የሰፈር ሕግ ነው፤ ማንም አይከለክላቸውም። መረብ ከመግዛት ይረክሳል። መቺውም ወደዚያ ዞሮ መምታቱን ይተወዋል።

በጎቹን በተመለከተ ልጆቹ ትንሽ ታሪክ ያንብቡ። ለንደን ያለው ሎርድስ፣ የክሪኬት ቤተ መቅደስ የሚሉት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሣሩን የሚያሳጥሩት በጎች ነበሩ። የእርስዎም አራት ይግጡ፤ ግን በበጋ ብቻ፣ መሬቱ ሲጠነክር፣ ከስኩዌሩ እሾህ አጥር ውጪ። ክረምት ላይ ሰኮናቸው ጭቃው ውስጥ ጉድጓድ ያወጣል፤ ደርቆ ሲቀር የሚሮጥ ልጅ ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሌላ ቦታ ይፈልጉላቸው። ላም ግን በምንም ወር አይግባ።

እበቱን ለሰበታዋ መምህርት እንልክላታለን።